ተቀናሽ አለዎት

አስተርጓሚ የጠየቅሁት እንግሊዝኛ አጥቼ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ስሠራ ከሐኪሙም፣ ከሽማግሌውም፣ ከሽማግሌው ልጆችም ጋር ስነጋገርበት ኖሬአለሁ። ግን የልጅ ጉዳይ ነው፣ የገንዘብም ጉዳይ ነው፤ አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ ብዬ «አምሃሪክ ፕሊስ» አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ ድምፁ ትሁት የሆነ ሰው መጣ። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እሱ በአማርኛ ያቀብለኛል። «የሦስት ሺሕ ዶላር ተቀናሽ አለዎት» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። እውነቴን ነው፤ ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ አውራ ጣቴን ቀስሬ አሳየሁት። ተቀናሽ እኔ እንደማውቀው ከዋጋ ላይ የሚቀነስ ነው እንጂ፣ ኢንሹራንሱ እጁን ወደ ኪሱ ከመክተቱ በፊት ከእኔ ኪስ የሚወጣ ሦስት ሺሕ ዶላር መሆኑን በምን አውቄ? ሰውየው ቀጠለ፦ «ያሉት ቴራፒስት ከመረቡ ውጭ ናቸው።» ከየትኛው መረብ? ዓሣ ናቸው እንዴ? መረብ ያለው ለካ ኔትወርክን፣ ኢንሹራንሱ የተዋዋላቸውን ሐኪሞች ነው።

በእሱ አልፈርድም። ዲዳክቴብልን በአማርኛ ምን ይበለው? በእኛ ኑሮ ያልነበረ ነገር ስም ከየት ይመጣለታል? በየወሩ ትከፍላለህ፣ ስትታመም መጀመሪያ አሁንም አንተው ትከፍላለህ፣ እነሱ ከዚያ በኋላ ይጀምራሉ። የእድር ዳኛ ለቅሶ ቤት መጥቶ «የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ድንኳኑንም ንፍሮውንም ራሳችሁ ቻሉ፣ በአራተኛው ቀን እንመጣለን» ቢል ሰፈሩ በማግስቱ ዳኛ ይቀይራል። እዚህ ግን በየዓመቱ እኛው ፈርመን እንቀጥላለን።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ሁለት ዓመት አልፎት አፉን አልፈታ ሲል ነው። ዘመድ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» አለ። «ሁለት ቋንቋ ተደባልቆበት ነው» ያለም ነበር። «ጠበል ውሰጂው» ተባልኩ፣ ወሰድኩት፤ ጠበሉ ቢያንስ ኮፔይ አልጠየቀኝም። የልጆች ሐኪሙ ወደ ስፔሻሊስት ጻፈልን። ቀጠሮ የተሰጠን ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው። በዚህ መሃል ልጁ ሦስት ዓመት ሞላውና የካውንቲው ትምህርት ቤት መርምሮ «ኦቲዝም» ብሎ ጻፈ፣ አይኢፒ የሚሉትንም የትምህርት ዕቅድ ሠራለት። ወረቀቱን ይዤ፣ ተገላገልኩ ብዬ፣ ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። አይሆንም። የትምህርት ቤቱ ኦቲዝም ለትምህርት ቤቱ ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚቀበለው ሐኪም ፈርሞ ኤፍ 84.0 የሚል ኮድ ያሰፈረበትን ነው። ያው ልጅ፣ ያው ዝምታ፣ በጣቶቹ ጫፍ መራመዱም ያው። ጠዋት በስኩል ባስ ሲሄድ ኦቲዝም አለበት፣ ማታ ቤት ሲመለስ ገና አልተረጋገጠም።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቁጥር ከ31 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም ያለበት ነው። በአንድ የቅዳሴ ጠዋት ደጀ ሰላሙ ላይ ከሚሯሯጡት ልጆች ስንቱ እንደሚሆን አስሉት። ታዲያ ለምንድነው ስደውል ስልኩን የሚያነሱት ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ በዓለም ላይ ሲወለድ የመጀመሪያው ይመስል የሚደነግጡት?

ኮዱ ከተገኘ በኋላ «ይሸፍናል» የሚለው ቃል መጣ። ኤቢኤ የሚባለውን የባሕርይ ቴራፒ ይሸፍናል? ይሸፍናል። የንግግሩን ቴራፒ ይሸፍናል? ይሸፍናል። እኔም እንደ ጋቢ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን መስሎኝ ነበር። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን አንድ ዐረፍተ ነገር በፍጥነት አነበበችልኝ፤ የነገረችኝ ሁሉ ለክፍያ ዋስትና አይሆንም የሚል ነው። ከዚህ የበለጠ ሐቅ በስልክ ተነግሮኝ አያውቅም። ይሸፍናል ማለት ለካ አስቀድሞ ከተፈቀደ፣ መረቡ ውስጥ ያለ ቴራፒስት ከተገኘ፣ ያ ቴራፒስት አዲስ ልጅ የሚቀበል ከሆነ፣ ሰዓቱም እኛ ከሥራ ከምንወጣበት ጋር ከገጠመ ማለት ነው። መረቡ ውስጥ አሉ ብለው የላኩልኝን ዝርዝር ይዤ አንድ በአንድ ደወልኩ። አንዱ ተዘግቷል። አንዷ አዋቂ ብቻ ነው የምታክመው። አንደኛው ቁጥር ፒዛ ቤት ነው፤ ስልኩን ያነሣው ልጅ ተረጋግቶ «ብዙ ሰው ይደውላል» አለኝ። የቀሩት ሁለቱ ተራ ጠባቂ ላይ ጻፉን።

ተራው ደረሰ። ክሊኒኩ በሳምንት ሃያ ሰዓት ጠየቀ፣ ኢንሹራንሱ ለስድስት ወር ፈቀደ። አሁን ሒሳቡን ላሳያችሁ፣ ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ኤቢኤ የሚቆጠረው በሰዓት ሳይሆን በሩብ ሰዓት ነው፤ ቢሉ ላይ 97153 የሚል ኮድ አለ፣ አንዱ ቁጥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሃያ ሰዓት ሰማንያ ሩብ ይሆናል። የእኛ ክሊኒክ ከኢንሹራንሱ ጋር የተዋዋለው በሩብ 15 ዶላር ነበር። በሳምንት 1,200 ዶላር መጣ ማለት ነው። ጃንዋሪ ሲገባ ያ «ተቀናሽ» የተባለው ሦስት ሺሕ በሁለት ሳምንት ተኩል ያልቃል። የገና ወጪ ገና ከክሬዲት ካርዱ ሳይወርድ፣ የእኛም ገና ተጨምሮበት። ከዚያ በኋላ መቶኛው ይጀምራል፤ ሃያ በመቶ የእኛ ነው፣ በሳምንት 240 ዶላር። በዓመት ከኪሳችን የሚወጣው ጣሪያ 7,000 ስለሆነ እስከ ሜይ አጋማሽ ድረስ እንዲሁ እየተንጠባጠበ ይሄዳል። ከሜይ እስከ ዲሴምበር 31 እፎይ እንላለን። ጃንዋሪ 1 ቀን ሁሉም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዘመን መለወጫን በመስከረም ማክበሬን የወደድኩት እዚህ ሀገር ነው፤ የእኛ ዓመት ሲለወጥ አደይ አበባ ይመጣል እንጂ ዲዳክቴብል አይመጣም።

የአንዳንዱ ሰው ፕላን ደግሞ ዲዳክቴብሉ ትንሽ ሆኖ ኮፔይ ያለው ነው። ጓደኛዬ በአንድ ጉብኝት ሠላሳ ዶላር ትከፍላለች። ሠላሳ ዶላር ለጉንፋን ምንም አይደለም። ልጅሽ በሳምንት አምስት ቀን ሲሄድ ግን በወር ስድስት መቶ ነው፣ የመኪናዋ ክፍያ እንኳ ያን ያህል አይሆንም። ኮፔይን የፈለሰፈው ሰው በዓመት አንዴ ሐኪም የሚያይ ጤነኛ መሆን አለበት።

ወረቀቱስ? ከኢንሹራንሱ በየሳምንቱ ፖስታ ይመጣል። ከላይ በትልቁ ይህ ቢል አይደለም ይላል። ከታች «እርስዎ ሊከፍሉ የሚችሉት» ብሎ ቁጥር ይጽፋል። ቢሉ በሦስተኛው ሳምንት ከክሊኒኩ ይመጣል፣ ቁጥሩም ሌላ ነው። ለክሊኒኩ ስደውል ኢንሹራንሱን ጠይቂ፣ ለኢንሹራንሱ ስደውል ክሊኒኩን ጠይቂ። ባለቤቴ የወጥ ቤቱን አንድ መሳቢያ አስለቅቆ ለፖስታ ሰጠኝ፤ ማንኪያና ሹካው አሁን ማሰሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ቢሉ አይደለም። ስድስት ወር ሲሞላ ፈቃዱ ያልቃል፣ ክሊኒኩም ልጁ ምን ያህል እንደተሻሻለ ሪፖርት ይልካል። በዚህ በኩል መውጫ የለም። ልጁ ከተሻሻለ «ተሻሽሏል፣ ሰዓቱ ይቀነስ» ይላሉ። ካልተሻሻለ «ቴራፒው አልረዳውም፣ ሰዓቱ ይቀነስ» ይላሉ። ልጁ እንዴት ቢሆን ነው ታዲያ ሰዓቱ የማይቀነሰው? በትክክል ግማሽ በግማሽ ይሻል? የመጀመሪያውን ጊዜ አለፍን። በሁለተኛው ጊዜ ደብዳቤ መጣ፤ ከሃያ ሰዓት ወደ አሥር። ምክንያቱ በንግግር በኩል ለውጥ አልታየም የሚል ነው።

ለውጥ አልታየም? ልጄ በዚያ ሰሞን ነው አፉን የፈታው! ማቀዝቀዣው ፊት ቆሞ እጄን ጎትቶ «ውሃ» አለኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ግራ ገብቶት እንደገና «ውሃ» አለ፣ ስለጠማው። እና ለውጥ የለም? ሪፖርቱን ላኩልኝ አልኩ። ዘጠኝ ገጽ ነው፣ ማታ ከሥራ መልስ ጫማዬን ሳላወልቅ አነበብኩት። አምስተኛው ገጽ ላይ ልጁ በክፍለ ጊዜው ውስጥ «ዉ-ሃ» የሚል ትርጉም የሌለው ድምፅ በተደጋጋሚ እንደሚያሰማ ተጽፏል። በተደጋጋሚ! የሚቀንሱበትንም ዘዴ እያሰቡ ነበር። ልጁ ውሃ ጠምቶት ውሃ ሲል ቴራፒስቷ በቁጥር መዝግባዋለች፣ በግራፍም አስቀምጣዋለች፣ ብርጭቆ ያቀበለው ግን የለም።

በእሷም አልፈርድም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ልጄን ትወደዋለች። ደመወዙ አላዋጣ ብሏት ከሁለት ወር በኋላ መጋዘን ገባች። የሳምንቱ 1,200 ዶላር የት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ወደ እሷ ግን አልሄደም። ከእሷ ወዲህ ሦስት ሰው ተለዋውጦበታል፤ ልጄ በየጊዜው ሰው ይለምዳል፣ በየጊዜው ያጣል። ለዚህ ኮድ የለም።

ሰው «ቨርጂኒያ ሕግ አላት እኮ፣ ክሰሻቸው» አለኝ። እውነት ነው፣ የምንኖርባት ቨርጂኒያ ኢንሹራንስ ኦቲዝምን እንዲሸፍን የሚያዝ ሕግ አላት። አምሳዎቹም ስቴቶች አላቸው፤ ኢንዲያና በ2001 ጀመረች፣ ቴነሲ በ2019 የመጨረሻዋ ሆነች። የቨርጂኒያው በ2012 ሥራ ላይ ሲውል ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ ነበር። በ2016 አሥር ዓመት አደረሱት፣ በ2020 ነው የዕድሜው ገደብ የተነሣው። ልጅ የሰባት ዓመት ልደቱን ሻማ እፍ ሲል ኦቲዝሙም አብሮ የሚጠፋ ይመስላቸው ነበር መሰለኝ። ሕጉ ለኤቢኤ በዓመት 35,000 ዶላር የሚል ጣሪያም አስቀምጧል። በእኛ ሒሳብ ሃያ ዘጠኝ ሳምንት ነው፣ ጁላይ ሳያልቅ ያልቃል። ፖቶማክን ተሻግራ ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ሕግ አላት፤ እዚያ የሚቆጠረው በሰዓት ነው፣ ኢንሹራንሱ በሰዓቱ ብዛት ብቻ ሊከለክል የማይችለው ልጅ ስድስት ዓመት እስኪሞላው በሳምንት እስከ 25፣ ከዚያ በኋላ እስከ 10 ነው። ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ግማሽ ሰዓት ነው፣ መንገድ ካልተዘጋ።

ለማንኛውም ጽፌ አመለከትኩ። የስቴቱ መልስ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፦ የእርስዎ ፕላን በእኛ ሕግ አይዳኝም። እንዴት? ካርዱን አውጥቼ አየሁት፣ የታወቀው ኢንሹራንስ ስም በሰማያዊ አለ። ገልብጪው አሉኝ። ከኋላ በደቃቃ ፊደል «አድሚኒስተርድ ባይ» ይላል። ኢንሹራንሱ ሒሳብ ያዥ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ነው። ሴልፍ ፈንድድ ይሉታል። እንዲህ ያለው ፕላን በ1974 በወጣው ኤሪሳ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ስለሚተዳደር የስቴቶቹ የኦቲዝም ሕግ አይነካውም። በመሥሪያ ቤት በኩል ኢንሹራንስ ካላቸው ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ያለ ፕላን ውስጥ ናቸው፣ ብዙው ግን አያውቀውም። እኔም አራት ዓመት ካርዱን በቦርሳዬ ይዤ ስዞር አላወቅሁም። ወላጆች የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ድረስ እየተመላለሱ ያስወጡት ሕግ ለእኔ የጎረቤት ቤት መብራት ነው፤ በመስኮት አየዋለሁ።

በሜዲኬይዶቹ እንዳልቀና ራሴን እቆጣለሁ። ሜዲኬይድ፣ ገቢው ላነሰ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚያስፈልገውን ሕክምና መስጠት በፌዴራል ሕግ ግዴታው ነው። እኛ ግን ባለቤቴ ኦቨርታይም ስለሚሠራ ከገቢው መስመር እናልፋለን፤ ኦቨርታይም የሚሠራው ደግሞ ለቴራፒው ነው። የወላጅን ገቢ የማይቆጥረው ዌቨር የሚባለውም አለ። ተመዝግበናል። ወረፋው ዓመታት ይፈጃል።

ከአዲስ አበባ እህቴ ትደውላለች። «አሜሪካ አይደላችሁ እንዴ፣ መንግሥት ያሳክምላችኋል» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? እዚያ ከእኔ የባሰ የተቸገሩ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ልጃቸውን ከሰው ዓይን ቤት ውስጥ የሚደብቁ፣ ኢንሹራንስ የሚባል ቃል ጭራሽ የማይመጣላቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አሜሪካ ኖረው ተመልሰው በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ሲከፍቱ የሚጠይቁት ፈቃድ ሰጪ ኢንሹራንስ አልነበረም፤ ልጃቸውን ይዘው ሕዝብ ፊት ወጡ። ስለዚህ ለእህቴ «አዎ፣ ያሳክሙልናል» እላታለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ያሳክሙልናል በሚለው ቃል ውስጥ ስንት የምሳ ሰዓቴ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስልክ ይዤ፣ እንጀራዬ ጭኔ ላይ እየደረቀ እንዳለፈ አልነግራትም። የሥራ ባልደረቦቼ ሆልድ ላይ ያለውን ሙዚቃ አብረውኝ ያዜማሉ።

ሰዓቱ ወደ አሥር ሲቀነስ ይግባኙን ራሴ ጻፍኩ። ሐኪሙ ደብዳቤ ጨመረልኝ፣ ክሊኒኩም አፍሮ ሪፖርቱን አረመ። «ዉ-ሃ» አሁን «ውሃ፣ በቤት ቋንቋ፣ በራሱ ተነሣሽነት» ሆኗል። ከእሷ ጋር «ና» እና «እምቢ» ተጨመሩ፤ እምቢን በጣም አሳምሮ ነው የሚላት። ከሃያ ስድስት ቀን በኋላ መልስ መጣ። አሥሩን አሥራ አምስት አደረጉት። ለምን ሃያ እንዳልሆነ አልተጻፈም።

እንግዲህ እንደ እኔ ያላችሁ ካላችሁ፣ ያ አልተፈቀደም የሚለውን ደብዳቤ ተናዳችሁ አትቅደዱት። ይግባኝ ለማለት ደብዳቤው ከደረሳችሁ ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ፤ ይግባኙንም ውድቅ ካደረጉት ጉዳዩን ከውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያይላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ለዚያ አራት ወር አላችሁ። ካርዳችሁን ገልብጡና ከኋላው ምን እንደሚል እዩ። ሪፖርቱንም ጠይቁና አንብቡ፣ ዘጠኝም ገጽ ቢሆን። ለቴራፒስቶቹም ልጃችሁ ቤት ውስጥ የሚሰማቸውን የአማርኛ ቃላት በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። እኔ በእንግሊዝኛ ፊደል ሠላሳ ቃል ጽፌ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አስለጥፌአለሁ፤ የመጀመሪያዋ ውሃ ናት።